ሦስት ጊዜ «አይደለችም»

ቢቸና በነበረው የልጆች ማሳደጊያ አራት ዓመት ዘበኛ ነበርኩ። የመማሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ፊደል ተሰቅሎ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁት እንጂ አንዱንም ለይቼ አላወቅሁትም። መጻፍ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ ወዲያ ነው። ስለዚህ ቃል አሳምሬ ሰው ላስለቅስ አልተቀመጥኩም። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅና ስለ እናቷ መሬት ነው። ስለ ራሴም ነው፤ በነገሩ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ጣጣውን አስቀድሞ ማወቅ የነበረበት እኔ ነበርኩና።

ቤቱ የአንድ ባላባት ነበር። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው በድንጋይ ካብ የታጠረ። ከባሕር ማዶ ያለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተከራይቶ፣ እናት አባት የሞቱባቸውንና ዘመድ ማሳደግ ያቃተውን ሃያ ያህል ልጆች አስገባበት። የከተማው ሰው «የፈረንጅ ግቢ» ይለዋል። ልጆቹን የሚይዙት ፈረንጆች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ደመወዝ አይበሉም፤ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፣ ካልቻሉም ቀድመው ይሄዳሉ፣ ሌላ ይተካል። እኔ ሦስቱን ሸኝቻለሁ። ሦስቱም በመጡ ዕለት ሳቁ፣ በሄዱ ዕለት አለቀሱ። ያለቀሱትም ሁሉም አንድ ቦታ ነው፤ በሩ አጠገብ፣ ላንድሮቨሩ በሚቆምበት። ልጆቹም ለመዱት። በሦስተኛው ሽኝት አንዷ ትንሽ ልጅ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «እያት፣ አሁን ታለቅሳለች» ስትላት ሰምቻለሁ። ፈረንጇም ወዲያው አለቀሰች።

አራተኛዋ ነርስ ነበረች። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ክፉ አልነበረችም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ቁስል ስታጥብ አፍንጫዋን አትይዝም። የልጆቹን ቅማል በእጇ ትለቅማለች። አማርኛም ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ታውቅ ነበር። ክፉ ብትሆን ለእኔ በቀለለኝ።

ልጅቷ ያን ጊዜ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አገሯ ከግንደወይን ወዲህ፣ መንገዱ ዳር ያለ መንደር ነው። አባቷ ለንግድ ዓባይ በረሃ ወርዶ በንዳድ ሞተ፤ እናቷም ዓመት ሳትቆይ ተከተለችው። ወደ እኛ ያመጣት የእናቷ ወንድም ነው፤ በሐምሌ፣ ጭቃ ለብሶ፣ እሷን በጫንቃው ተሸክሞ። በሩ ላይ አውርዷት ከእኔ ጋር ተነጋገርን።

«ቤቴ እህል የለም» አለኝ። «አዝመራው እስኪደርስ ያዙልኝ። ጥር ሲገባ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ሁሉም እንዲያ ይላል» አልኩት።

«እኔ ሁሉም አይደለሁም። የእህቴ ርስት አለ፤ የማርሰው እኔ ነኝ። ልጅቷን ትቼ መሬቱን ልብላ እንዴ? አገር ምን ይለኛል?»

እውነቱን ነበር። በእኛ ደንብ የሙት ልጅን መሬት የሚያርሰው ልጁን የሚያሳድገው ነው። አሳድጎ፣ ድሮ፣ መሬቱን ያስረክባል። አጎትየው ክረምቱን ሊያሳልፍ ፈለገ እንጂ ያን ጊዜ ሊያታልል አልመጣም። ቆይቶ የመጣበትን ሐሳብ ግን እኔ ነኝ በመንገዱ ላይ ያስቀመጥኩለት።

በጥቅምት ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ኪኒኑ እንደ እሬት የመረረ ነው። ሲስተር ደቁሳ በማንኪያ ስትሰጣት ትተፋዋለች፤ በወተት ስትሰጣት ወተቱንም ትተፋለች። ማንኪያውን ገና ከሩቅ ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲስተርም በረንዳው ላይ ተቀምጣ ራሷን ያዘች። እኔ ቤቴ ሄጄ ማር በጽዋ አመጣሁ።

«ማንኪያ ጠልታለች» አልኳት። «አውራ ጣትዎን ማር ይንከሩና ዱቄቱን ነስንሰው ያጥቧት።»

ጠባች። በማግስቱም ጠባች። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሲስተር ግን መድኃኒቱ ዐሥር ቀን መሞላት አለበት አለች።

አሁን ለማያውቅ ሰው ልናገር። በእኛ አገር ያልወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ የሚይዝ ሰው፣ ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ የጡት ልጁ ይባላል፤ እንደ ወለደው ያሳድገዋል። ይህን እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን የጡት ልጅ የሚደረገው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተመርቆ፣ ድግስ ተደግሶ ነው። ይሄ መድኃኒት ነው፣ ሴትዮዋም ፈረንጅ ናት ብዬ ነገሩን ናቅሁት። በዚያ ላይ ሲስተር ልጅቷን ፀሐይ እንድታገኛት ብላ በረንዳ ላይ አውጥታ ነበር የምታጠባት። በበራችን ደግሞ ውሃ የምትቀዳ ሴት ሁሉ ታልፋለች።

«እልል በሉ! ሲስተር ሳታምጥ ወለደች!» አለች አንዷ ከካቡ ማዶ፣ እንስራዋን እንዳዘለች።

«ማሩን ያመጣው ዘበኛው ነው አሉ። አባትየው እሱ ይሆና!»

«ኧረ ሚስቱ ሰምታ እንዳትገድለው!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሲስተርም የሚያስቀው ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን ሳቀች።

በዘጠነኛው ቀን ገበያ ነበር። አጎትየው በቅሎ ሊያይ መጥቶ ኖሮ፣ አንዲት ዶሮ በክንፏ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ዶሮዋ ለማሳደጊያው ናት። አስገባሁት። ልጅቷ ሲስተር ጭን ላይ ተቀምጣ የሲስተርን ጣት ስትጠባ አየ። እግሩ እዚያው ቀጥ አለ።

«ስንተኛ ቀኗ ነው?» አለኝ።

«ዘጠነኛ» አልኩት። በሽታዋን የጠየቀኝ መሰለኝ።

ሰው በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሱም ተንቀሳቀሰ። «እሰይ፣ እናት አገኘች» አለ። ልጅቷን ሳያነጋግር፣ ዶሮዋንም ሳይሰጥ ይዟት ተመለሰ።

በኅዳር መግቢያ መልእክት ላከብን። በጥር እንዳትጠብቁኝ አለ። ልጅቷ የጡት እናት ይዛለች፤ አገር ሁሉ አይቷል፤ እናት እያላት እኔ ምን ቤት ነኝ? መሬቱንም በሚመለከት፣ እናትየዋ ትምጣና ትረከበኝ አለ። ፈረንጅ ርስት እንደማይዝ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ስለዚህ መሬቱ እዚያው እሱ ዘንድ ይቀራል፤ ለልጅቷ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

የሚቻለኝን አደረግሁ። ሁለት ቀን ተመላልሼ ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ። አጎትየውንም አስጠሩት። እሱ እንዳይከራከር፣ እኛም እንዳንከራከር፣ እንዲህ ብለው ቆረጡ። ሴትዮዋ ልጅቷን ፊት ለፊቷ አቁማ ሦስት ጊዜ «ልጄ አይደለችም» ትበል። ካለች ማሩ መድኃኒት ነበር፤ አጎትየው ዋስ ጠርቶ ልጅቷን ወደ እናቷ መሬት ይወስዳል፣ ያሳድጋል፣ ሲድራት ያስረክባል። ሦስቱን ካልሞላች እናቷ ናት፤ አጎትየው ነጻ ነው።

አጎትየው ወዲያው «እሺ» አለ። እሺታው ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። ሦስት ቃል ነው፤ ማን ያቅተዋል?

በዋዜማው ሲስተርን መድኃኒት ክፍሏ አገኘኋት። ጠርሙስ ታጥባለች። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሁሉን ሰማች፣ ሁሉም ገባት። ኋላ አልገባትም ነበር ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ውሸት ነው።

«ልጅቷ እዚያ መቆም አለባት?» አለችኝ።

«ደንቡ ነው።»

«ሌላ ቦታ ብትሆንስ? ወይ ብትተኛ?»

«ልጅቷ ከሌለች ማን ተካደ ይባላል? አይሆንም።»

ጠርሙሱን አስቀመጠች። «አባቷ ሞተባት። እናቷ ሞተችባት። አሁን እኔ ደግሞ ፊቷ ቆሜ አይደለችም ልበላት? ሦስት ጊዜ? እንደ ጴጥሮስ?»

«ጴጥሮስ የካደው ለራሱ ነው» አልኳት። «እርስዎ የሚክዱት ለሷ ነው።»

«ትሰማለች።»

«ትስማ! ልጅ ስንት ነገር ይሰማል። ለሳምንት ታለቅስና ትረሳዋለች። መሬት ግን አይረሳም ሲስተር። እርስዎ በሚመጣው ዓመት የሉም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያልኩት ትክክል ስለሆነ ነው የከፋት። «አጎቷ ይወዳታል?» አለች።

«አይወዳትም። ጥጃ ያስጠብቃታል፣ ትርፍራፊ ያበላታል። ግን በገዛ መሬቷ ላይ ነው። እዚህ የምትበላው የሌላ ሰው ምጽዋት ነው፤ የሚቆም ዕለት ይቆማል።»

ጠርሙሱን መልሳ አነሣችና «እሺ፣ እላለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጡ። በረንዳው ላይ የሚቀመጡበት ጠፋና የልጆቹን አግዳሚ አወጣሁላቸው። አግዳሚው እጅግ አጭር ነው፤ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። ትልቁ ሽማግሌ፣ «እኛንም ልታሳድጉን ነው?» ብለው አሳቁን። አስተርጓሚ እንዲሆን አንድ መምህር ጠርተን ነበር፤ ከወለጋ የተመደበ፣ ለአገሩ ደንብ እንግዳ የሆነ ጭምት ሰው። አጎትየው ነጭ ኩታ አጣፍቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። ልጅቷ ታጥባ፣ ጸጉሯ ተበጥሮ፣ ሲስተር ፊት ቆመች። ድግስ የመሰላት ይመስለኛል።

ትልቁ ሽማግሌ ከአግዳሚው ሳይነሱ፣ «እመቤት፣ ይህችን ሕፃን ማር አጥብተዋል ይባላል። ልጅዎ ናት?» አሏት።

መምህሩ አፉን ሳይከፍት ሲስተር በራሷ አማርኛ መለሰች። «ልጄ አይደለችም።»

«አንድ» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቷ ወደ ሲስተር ፊት ቀና አለች። ገና አልገባትም።

«ሁለተኛ እጠይቅዎታለሁ። ልጅዎ ናት?»

«ልጄ… አይደለችም።»

«ሁለት።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። አላለቀሰችም፣ ቀሚስ አልያዘችም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ልጆቻችን ሲገሠጹ እንደሚያደርጉት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ያጠፋች መስሏት ነው። ምን እንዳጠፋች ግን አታውቅም።

«ሦስተኛ እጠይቅዎታለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ልጅዎ ናት?»

ዝም።

«ሲስተር» አልኩ እኔ፣ ከበሩ በኩል ሆኜ።

«ዘበኛ አፍህን ያዝ!» አለ አጎትየው። «እሷን ነው የጠየቋት።»

«ልጄ ሆይ፣ ይናገሩ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። ሊረዷት ፈልገዋል። «አንድ ቃል ነው የቀረ።»

ሲስተር ተንበረከከች። ልጅቷን ጎትታ አቀፈቻት፣ ፊቷን በልጅቷ አንገት ሥር ቀበረች። በአማርኛ «አልችልም» አለች። በራሷም ቋንቋ ብዙ ተናገረች። መምህሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ «ይቅርታ ትጠይቃለች» አለ።

«ማንን ነው የምትጠይቅ?» አሉ ሽማግሌው።

መምህሩ ጥያቄውን ወደሷ አልመለሰውም።

«ሰማችሁ!» አለ አጎትየው። ኩታውን አስተካከለ። «ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? ክጂ ተባለች፣ አልክድም አለች። እናት ናት። እናትን ከልጇ ለይቼ ገሃነም ልግባ?» የሚናገረው ለሽማግሌዎቹ ነው፤ የሚያየው ግን እኔን ነው። ይህ ሰው ማንበብ አይችልም፣ ፈረንጅም በዘመኑ ያየ ሁለት ጊዜ ነው። ከእኔ ይልቅ ሴትዮዋን ያወቃት እሱ ነበር። ጣቷን ባጠባችበት ቀን ፊቷን አይቷል፤ እንደማትችል ያን ዕለት ነው ያወቀው።

ሽማግሌዎቹ ተያይዘው ተነሡ። ትልቁ ሲያልፉ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «እኛ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ምንም።

ሲስተር እስከ ማታ ልጅቷን ይዛት ዋለች። ከዚያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ቆይታዬን አራዝሙልኝ ብላ ጻፈች፤ አይሆንም ተባለች። ይዣት ልሂድ ብላ ጻፈች፤ ባል የለሽም፣ ደንብ የለም ተባለች። ይባስ ብሎ ማኅበሩ ቢቸና ያለውን ቤት ዘግቶ ልጆቹን ሁሉ ሞጣ ወዳለው ትልቁ ቤት እንደሚወስድ ታወቀ። በታኅሣሥ ላንድሮቨሩ መጣና ሲስተር እንደሌሎቹ በደጀን አድርጋ፣ ዓባይን ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ አገሯ ሄደች። ያለቀሰችው እዚያው በሩ አጠገብ ነው። ልጅቷ ሊሰናበቱ ከወጡት መካከል አልነበረችም፤ ጓሮ ተቀምጣ ነበር። ሲጠሯት አልመጣችም፤ ሲስተርም ጊዜ አልነበራትም።

ሰው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። አንተስ ለምን አልወሰድካትም? ለሚስቴ ነግሬያታለሁ። «የራስህን አምስቱን ልጆች መች አጠገብካቸው?» አለችኝ። ስትጮኽብኝ አንገቴን ደፋሁ፤ በልቤ ግን እፎይ አልኩ። ብወስዳት አጎትየው፣ ማሩን ያመጣው ለመሬቱ ነው ይለኛል፤ ግማሹ አገርም ያምነዋል። ይህም ምክንያት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ደክሞኝ ነበር። በደጉ ሰውም በክፉውም እኩል ደክሞኝ ነበር።

ልጆቹን የጭነት መኪና ወሰዳቸው። እሷ ኩፍኝ ይዟት ቀረች። ሲሻላት አድርስ ተባልኩና በበቅሎ ጫንኳት፤ በደብረ ወርቅ በኩል ወጣን። እኔ ልጓሙን ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ ኮርቻው ላይ ነች። ስትናገር ስለ በቅሎዋ ብቻ ነው፤ ስሟን ጠየቀችኝ፣ ስም የላትም አልኳት። በሁለተኛው ቀን ከግንደወይን ወዲህ፣ የእናቷ መሬት ከመንገዱ በታች ተዘርግቶ አየሁት። አውቀው ነበር፤ አጎትየው ልጅቷን ያመጣ ዕለት ስለ ድንበሩ አውርቶልኛል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ሦስት ክምር።

«የማን ነው?» አለችኝ፣ በጣቷ እያሳየች።

አምስት ዓመቷ ነው። ያንቺ ነው ብላት ምን ታደርገዋለች? ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ።

«የአጎትሽ ነው» አልኳት።

ሞጣ ስንደርስ አንድ ጸሐፊ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ስሟን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የእኔን ደግሞ ጠየቀ።

«ምኗ ነህ?»

«ዘበኛ ነኝ።»

«ዘመድ አላት?»

«አላት» ብዬ ብነግረው ይጽፋል። ደብዳቤ ይሄዳል፣ አጎትየው ይጠራል፣ የማሩ ነገር ይነሣል፣ ሽማግሌ ይለመናል፣ እኔም ከቢቸና እየተመላለስኩ ምስክር እሆናለሁ። ሥራ ፈትቻለሁ፤ በዚያው ግቢ ዘበኛ ይፈለግ እንደሆነ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ይዞ የመጣ ዘበኛ ማን ይቀጥራል?

«የላትም» አልኩት።

ጻፈው። ጣቴን ቀለም ነክሮ አስፈረመኝ። አንዲት ሴት መጥታ ልጅቷን በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደቻት፤ ልጅቷም ሄደች። እጇን ለማንም ትሰጥ ነበር ያን ጊዜ። ዘበኛ አይፈለግም አሉኝ።

ስመለስ በቅሎዋን ውሃ ላጠጣ ከመንገዱ ወረድ ስል፣ በዚያው በእናቷ መሬት አውድማ ላይ በሬ የሚነዱ ሰዎች አሉ። አንዱ መንሹን አስቀምጦ እጁን አወዛወዘ።

«ዘበኛው! ና እንጂ፣ ጠላ ቅመስ! ፀሐዩ አልበላህም?»

አጎትየው ነው። ሄድኩ። በቅሎዋን አሠረልኝ፣ ነዶ አንጥፎ አስቀመጠኝ፣ ዋንጫውን አጥቦ ቀዳልኝ። እንግዳ አቀባበል ያውቅበታል።

«አደረስካት?»

«አደረስኳት።»

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም።»

«ጎበዝ ናት» አለ። «እናቷም እንዲያ ነበረች፤ አታለቅስም።» ይህን ሲል ፊቱ እውነተኛ ሐዘን ነበረው። ቀና ብሎ ክምሩን አየ፣ እኔም አየሁ። ዘንድሮ ጤፉ ነጭ ሆኗል አለ። አዎ፣ ነጭ ነው አልኩት። ዋንጫዬ መጉደሉን አይቶ ሞላልኝ፤ ጠማኝም ነበር፣ ጠጣሁት።